ከመቱ በፊት የቆመን መኪና ማን ያነሳዋል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማና በበደሌ በኩል መቱ ለመግባት 600 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ይጠይቃል። መንገዱ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል፤ ጅማን አልፎ በደሌ ይደርሳል፤ ከዚያም የያዮን የቡና ጫካና ሁሩሙን አቋርጦ መቱ ይገባል። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችውን ጎሬን ካለፈ በኋላ ደግሞ በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ ቆላ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጋምቤላ ከፍታዋ 500 ሜትር ገደማ ነው። ዳገቱ ላይ ሞተር ይግላል፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ይፈተናል። የጎሬ አካባቢ በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ቦታዎች አንዱ በመሆኑ ጭቃና ጭጋግ የክረምት ብቻ እንግዶች አይደሉም።

በዚህ መስመር ላይ የሚታየው ተጓዥ ተለውጧል። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ይጠብቅ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ ለሠርግ፣ ለመስቀል ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሃይሩፍ ይከራያል። ከውጭ የመጣ የአገር ልጅ ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ ይዞ፣ ድንኳንና ምድጃ ጭኖ፣ በበቾ በኩል የሶር ፏፏቴን ለማየት ይወጣል። ልጁ መቱ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው አባት በራሱ ቪትዝ ያደርሰዋል። በሌላው ዓለም መኝታና ማዕድ ቤት በተሠራላቸው የጉዞ መኪኖች የሚደረገው የቤተሰብ ጉዞ በኢትዮጵያ መልኩ ይህ ነው። ሁሉም ሲነሱ ኢንሹራንስ እንዳላቸው ያውቃሉ። ያዮ ጫካ ውስጥ መኪናው ቢቆም ማን እንደሚመጣ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

“ኢንሹራንስ አለኝ” ሲባል

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። “ኢንሹራንስ” የሚለው ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል።

አንደኛው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በ2000 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ ሆነ፤ በ2005 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። መኪናው ሰው ቢገድል፣ አካል ቢያጎድል ወይም የሌላ ሰው ንብረት ቢጎዳ ለተጎጂው ይከፍላል። ለባለመኪናው ለራሱ መኪና ግን ምንም አይከፍልም፤ መጎተቻም ቢሆን ከዚህ አይወጣም። በብዙ መኪኖች መስታወት ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሙሉ መድን ነው። ግጭትን፣ መገልበጥን፣ እሳትንና ስርቆትን ይሸፍናል። በዚህ ውል ውስጥ ስለ መጎተት የሚናገር አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል፤ ሁለት አጥር ግን አለበት። የመጀመሪያው አጥር የገንዘብ ጣሪያ ሲሆን፣ መድን ሰጪው የሚከፍለው አደጋ የደረሰበትን መኪና በአቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ ለማድረስ የሚያስፈልገውን “ተገቢ” ወጪ እስከ ተወሰነ መጠን ነው። ሁለተኛው አጥር ይበልጥ ከባድ ነው፤ አንቀጹ የሚናገረው ስለ አደጋ እንጂ ስለ ብልሽት አይደለም። ፍሪሲዮን ያቃጠለ፣ ካምቢዮ የጠመደው፣ ባሌስትራ የሰበረ ወይም ራዲያተሩ ያፈሰሰ መኪና በውሉ ቋንቋ በእርጅናና በሜካኒካል ብልሽት የቆመ ስለሆነ ሽፋን የለውም። ጎማ ብቻ ከፈነዳም እንዲሁ።

በረጅም መንገድ ላይ ደግሞ መኪና የሚቆመው ከግጭት ይልቅ በብልሽት ነው። ባለመኪናው የከፈለበት ሽፋንና የሚያጋጥመው ችግር የሚተላለፉት እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው በትክክል የመንገድ ላይ እርዳታ የሚባለው ነው፤ ጎማ መቀየር፣ የሞተ ባትሪ ማስነሳት፣ ነዳጅ ማድረስ፣ መኪናውን ጭኖ ወደ ጋራዥ መውሰድ። በአገራችን ይህ አገልግሎት ገና ዳዴ የሚል ነው። ያለውም በአብዛኛው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሲሆን፣ አንዳንዱ ከሙሉ መድን ጋር ተጨማሪ ሆኖ፣ አንዳንዱ ደግሞ በጥሪ እየተከፈለ ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ የሚያስተማምነው ስልክ ቁጥር በደሌ ላይ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው።

ሌላው አገር እንዴት ሠራው?

የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1902 ቺካጎ ውስጥ ነው። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1919 በምሥራቅ አፍሪካ ስም የተቋቋመ የባለመኪናዎች ማኅበር አላት፤ ዛሬም ለአባላቱ የማንሳት አገልግሎት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተጀመረውና ስሙን ከወንጌሉ ደግ ሳምራዊ የወሰደው “ጉድ ሳም” ደግሞ ለትልልቅ የጉዞ መኪኖች ተጓዦች የተቋቋመ ክበብ ነው።

የእነዚህ ማኅበራት አሠራር አንድ ነው። ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ይከፍላል፤ በዓመቱ ውስጥ የሚቸገረው ጥቂት ነው፤ ማኅበሩ በየከተማው ካሉ የመጎተቻ ባለቤቶችና ጋራዦች ጋር ውል አለው። እድር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ የእድር አባላት አንድ ሰፈር ሲኖሩ የመኪና አባላት በመንገድ ላይ የተበተኑ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ እርዳታው የሚለካው በአባላቱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን መጎተቻው ከቆመው መኪና ባለው ርቀት ነው።

የውሎቻቸው ልዩነትም እዚሁ ላይ ይታያል። የአሜሪካው ማኅበር መሠረታዊ አባልነት በነጻ የሚጎትተው ጥቂት ማይል ብቻ ነው፤ ከፍ ያለው ደረጃ እስከ 100 ማይል፣ ማለትም እስከ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ትልልቅ የጉዞ መኪኖችና ተሳቢዎች ደግሞ ተጨማሪ ካልተከፈለባቸው በመደበኛው አባልነት አይነሱም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለቤት መኪና የተሠራ መጎተቻ እነሱን አይችልም። ይህ ለሃይሩፍ ተከራይም ይሠራል። ለቪትዝ የሚበቃ መጫኛ ሻንጣና ሰው የሞላበትን ሃይሩፍ ላያነሳ ይችላል፤ ላንድክሩዘርም በክብደቱ ሌላ መሣሪያ ይጠይቃል።

ከውጭ ለሚመጡ የአገር ልጆች አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ይገባል። በአሜሪካ የሚከፈለው የአውቶሞቢል ማኅበር አባልነት የመጎተት አገልግሎቱ ኢትዮጵያ አይደርስም። ካርዱ ኪስ ውስጥ ቢኖርም ሁሩሙ ላይ የሚደወልለት ሰው የለም።

የመቱ መስመር ስሌት

ከአዲስ አበባ የተነሳ መጎተቻ በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ መቱ የሚደርሰው ከ12 ሰዓት ጉዞ በኋላ ነው። ባዶውን ሄዶ ጭኖ ሲመለስ 1,200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የነዳጁን፣ የሾፌሩንና የአዳሩን ወጪ የሚችል ርካሽ ዓመታዊ ክፍያ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ጥሪ ተሰልቶ የሚሸጥ አገልግሎት “በመላው አገሪቱ” ቢልም፣ በዚህ ርቀት ላይ ወይ በኪሎ ሜትር ጣሪያ ይታጠራል፣ ወይ በአካባቢው የተገኘን ሰው ፈልጎ ለመደወል ይገደዳል።

መጎተቻው በደሌ ላይ ቢቆምስ? በደሌ የጅማ፣ የነቀምቴና የመቱ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን መቀመጫ ነች። ወደ ጅማ 140፣ ወደ መቱ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የተነሳ መኪና ወደ መቱ ባለው መንገድ የትም ቦታ ቢሆን በሁለት ሦስት ሰዓት ይደርሳል። ችግሩ የሥራ ብዛት ነው። የመጫኛ መኪና ገዝቶ ሾፌርና ረዳት ቀጥሮ የሚያስቀምጥ ባለሀብት በወር በቂ ጥሪ ማግኘት አለበት። በመስመሩ ላይ ሙሉ መድን ያላቸው መኪኖች ጥቂት ከሆኑና እነሱም በተለያዩ መድን ሰጪዎች ዘንድ ከተበተኑ አንድም ኩባንያ ለብቻው መጎተቻ እዚያ ለማቆም የሚያበቃ ደንበኛ አይኖረውም። በአገሪቱ አንድ የመንግሥትና 17 የግል መድን ሰጪዎች አሉ። ያለችው ትንሽ ገበያ በ18 ስትከፋፈል ለእያንዳንዱ የማታዋጣ ትሆናለች።

ይህን ክፍተት እስከ ዛሬ የሞላው ሰው ነው። መኪና ሲቆም ረዳቱ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከኋላና ከፊት መንገዱ ላይ ያነጥፋል፤ ከሩቅ ያየ ሾፌር ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሚያልፈው አይሱዙ ይቆማል፣ ገመድ ያወጣል፣ ክሪክ ያውሳል። ጭቃ የያዘውን መኪና የቀበሌው ወጣት ተሰብስቦ ይገፋል። በየከተማው መግቢያ ጎሚስታ አለ፤ አንድ ጥሩ መካኒክ የት እንደሚገኝ ሾፌር ለሾፌር ይነጋገራል። ይህ የሚናቅ ሥርዓት አይደለም። የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች በቅፍለት ተሰብስበው ወደ ጎሬ ሲጓዙ የነበረው መተጋገዝ በመኪና ዘመን የቀጠለበት መንገድ ነው፤ እስከ ዛሬም ከማንኛውም የጽሑፍ ውል ይልቅ ፈጥኖ ይደርሳል።

ነገር ግን መኪናው ራሱ እየተለወጠ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው። የገመድ እርዳታ የተለመደው በእጅ ማርሽ በሚሠሩ መኪኖች ዘመን ነው። ካምቢዮው ነጻ ተደርጎ በገመድ ይጎተታል፤ ባትሪው ከሞተም ተገፍቶ ይነሳል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ግን ተገፍቶ አይነሳም። ጎማው መሬት እየነካ ረጅም መንገድ ከተጎተተም ካምቢዮውን የሚያቀባው ዘይት በሞተሩ ኃይል የሚዘዋወር በመሆኑ ውስጡ ደርቆ ይቃጠላል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ይብሳል፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ስለሚዞር አምራቾቹ ጠፍጣፋ መጫኛ ላይ ወጥቶ እንዲወሰድ ያዝዛሉ። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በየመንገዱ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ደግ ሾፌር በገመድ ሲያድን የሚያበላሸው መኪና ቁጥሩ በየዓመቱ ይጨምራል ማለት ነው።

የሕይወት አደጋም አለ። ሞተሩ የጠፋ መኪና የፍሬን አጋዡ አይሠራም፣ መሪውም ይከብዳል። ከጎሬ ወደ ቡሬ ባለው ቁልቁለት በገመድ የተያያዙ ሁለት መኪኖች አንዱ ፍሬን ሲያጣ ሌላውን ይገፈትረዋል። ቅርንጫፍና ድንጋይ ደግሞ መኪናው ተነስቶ ከሄደ በኋላ መንገዱ ላይ ተረስተው ለማታ ተጓዥ ወጥመድ ይሆናሉ።

ዋጋው የተዛባበት ጊዜ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ የአንድ መኪና የጥገና ዋጋም የመኪናው የራሱ ዋጋም ተከትሎ ወጣ። ብዙ ሰው ግን የመድን ውሉን ሲያድስ የመኪናውን ዋጋ እንደ ድሮው ያስመዘግባል፤ የአረቦኑ ክፍያ እንዳይጨምርበት።

ውጤቱ በምሳሌ ይታይ። የገበያ ዋጋው 3 ሚሊዮን ብር የሆነ መኪና በ1.5 ሚሊዮን ብር ተመዝግቦ ከሆነ፣ ባለንብረቱ ግማሹን አደጋ ራሱ እንደተሸከመ ይቆጠራል። በግጭት 400,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት በተመጣጣኝ ክፍያ ደንብ የሚያገኘው 200,000 ብር ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ ባለመኪናው የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። የመጎተቻ ጣሪያውም በብር ቁጥር የተጻፈ እንጂ ከዋጋ ጋር የሚያድግ አይደለም። ከምንዛሪው ለውጥ በፊት የተጻፈ ጣሪያ ዛሬ ከያዮ በደሌ ላያደርስ ይችላል።

በምዕራቡ መስመር ላይ ሌላ የዋጋ ጉዳይም አለ። በምዕራብ ኦሮሚያ በነበረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ብዙ ተጓዥ በነቀምቴ በኩል ያለውን መንገድ ትቶ በጅማ መሄድን መርጧል። መደበኛው ሙሉ መድን በትጥቅ ግጭትና በሽፍታ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍንም። የኢትዮጵያ መድን ገበያ ለዚህ ሽፍታን፣ ወንበዴንና ደፈጣ ተዋጊን የሚመለከት ተጨማሪ ሽፋን አለው፤ በተጨማሪ ክፍያ ይገዛል። ይህን የሚያውቁት ባለጭነት መኪኖች ናቸው፤ ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣው ባለ ቤት መኪና ስሙንም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል።

ተጓዡ ምን ይምረጥ?

በራሱ መኪና ለሚጓዝ ሰው ትልቁ ጥያቄ “አገልግሎቱ አለ ወይ” ሳይሆን “ከየት ይነሳል” የሚለው ነው። መድን ሰጪው ወይም የጉተታ ድርጅቱ ጅማ፣ በደሌ ወይም መቱ ላይ ውል ያለው መጫኛና ጋራዥ ካለው ስሙን መናገር አያቅተውም። ካልተናገረ ገንዘቡ ለአዲስ አበባ ጎዳና የሚከፈል ነው፤ ለዚያም ቢሆን ሊጠቅም ይችላል፣ ለመቱ ጉዞ ግን አይቆጠርም። ብልሽት ተሸፍኗል ወይስ አደጋ ብቻ? የመኪናው ዓይነትና ክብደት ተጠቅሷል? መኪናው የሚወሰደው በአቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ ነው ወይስ ባለቤቱ ወደመረጠው? ቀድሞ ከፍሎ በደረሰኝ የሚያስመልሰው ማን ነው? ለእነዚህ መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ መገኘት አለበት።

ለተከራይ ነገሩ ይለያል። ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው ነገር የሰሌዳው ኮድ ነው። የግል ኮድ 2 መኪና በኪራይ ሰው ሲጭን ውሉ ከፈቀደው አጠቃቀም ስለሚወጣ መድን ሰጪው ካሳውን ሊከለክል ይችላል። ለኪራይ የሚሠራ መኪና ኮድ 3 ሆኖ በዚያው አገልግሎት መመዝገብ አለበት። ቀጥሎ የሚመጣው የሰዎቹ ጉዳይ ነው። መኪናው ቢቆም አሥራ አምስት ሰው፣ ከነአዛውንቱና ከነሕፃናቱ፣ በማን ወጪ መቱ ይደርሳል? የኪራይ ውሉ ምትክ መኪና በምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ፣ ካልመጣም ከኪራዩ ስንት እንደሚቀነስ ካልጻፈ ተከራዩ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህን አንድ አንቀጽ ማስጻፍ ከየትኛውም የእርዳታ አባልነት የበለጠ ዋጋ አለው።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል። አሁንም በሥራ ላይ ያለው የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ባለመድኑ አደጋውን በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። የትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ መኪናውን ማንሳት፣ መድን ሰጪው ሳይፈቅድ ማስጠገን የካሳውን ጥያቄ ያበላሻሉ። ሰው ከተጎዳ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የፖሊስ 991 ከሁሉ በፊት የሚደወሉ ቁጥሮች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ወዴት?

አንዱ አቅጣጫ አሁን ያለው መቀጠል ነው። መድን ሰጪዎች የመንገድ ላይ እርዳታን ለአዲስ አበባ ደንበኛ ማሻሻጫ እያደረጉ ይቀጥላሉ፤ ክልሎች በደግ ሾፌር ይኖራሉ። የመኪኖቹ ዓይነት ባይለወጥ ኖሮ ይህ ለብዙ ዓመት ሊያስኬድ ይችል ነበር።

ሁለተኛው በጉዞ የሚገዛ ሽፋን ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ትንንሽ ክፍያዎችን ቀላል ስላደረገ ለአንድ ሳምንት ጉዞ ብቻ የሚሆን ሽፋን በስልክ መሸጥ የሚከብድ አይደለም። ሆኖም መሸጥ መድረስ አይደለም። መጫኛ መኪናው በመስመሩ ላይ ከሌለ በስልክ የተገዛው ሽፋን ዞሮ ዞሮ ደረሰኝ አስመላሽ ብቻ ይሆናል። ለዚያም ቢሆን ሾፌሩ በእጁ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል።

ሦስተኛው የሾፌሮችና የባለንብረቶች ማኅበራት በራሳቸው የሚያቋቁሙት የመረዳጃ ገንዘብ ነው። መስመሩን ያውቃሉ፤ የትኛው መካኒክ ታማኝ እንደሆነ ያውቃሉ። የሚጎድላቸው ለመጫኛ መኪና የሚበቃ ካፒታልና ማኅበርተኛ ያልሆነን ቤተሰብ የሚያስተናግዱበት አሠራር ነው።

የሚያዋጣው አራተኛው ይመስላል። ለየብቻቸው በደሌ ላይ መጎተቻ ማቆም የማያዋጣቸው 18ቱ መድን ሰጪዎች ወጪውን ተካፍለው፣ የቆመውን መኪና የማንም ደንበኛ ቢሆን የሚያነሳ የጋራ ጣቢያ ሊያቆሙ ይችላሉ። ሂሳቡ በኋላ በመካከላቸው ይወራረዳል። መድን ሰጪዎቹ የጋራ ማኅበር አላቸው፤ የሚቆጣጠራቸውም አንድ አካል፣ ብሔራዊ ባንክ ነው። መጫኛ መኪናውን ራሳቸው መግዛት አይጠበቅባቸውም፤ ለአካባቢው ባለሀብት በወር የተረጋገጠ ክፍያ ቢያስሩለት ይበቃል። የሚያሰጋው የክፍያ መዘግየት ነው። የበደሌው ባለ መጎተቻ ገንዘቡን ከ18 ቢሮ እየተመላለሰ የሚጠይቅ ከሆነ በሦስተኛው ወር ሥራውን ይተዋል። ስለዚህ አንድ ከፋይ፣ አንድ የስልክ ቁጥርና አስቀድሞ የታወቀ የኪሎ ሜትር ዋጋ ከሌለ ሙከራው ባይጀመር ይሻላል።

ይህ የጋራ ጣቢያ ዛሬ የለም። እስኪኖር ድረስ ወደ መቱ የሚወጣ ቤተሰብ ከመነሳቱ በፊት እስኮርታውን በአየር ይሙላ፣ ክሪኩን ይፈትሽ፣ የጅማ፣ የበደሌና የመቱ መካኒኮችን ስልክ በወረቀት ይያዝ፣ የውሉን የመጎተቻ አንቀጽም ያንብብ። መድን ሰጪዎች ደግሞ በጋራ መጀመር ካለባቸው፣ ሦስቱ መንገዶች ከሚገናኙበት ከበደሌ ይጀምሩ።